ከዓለም የጀርባ አጥንት ሥር፤ በጥቁር እግሮች አገር የተቀመጥንበት አንድ ዓመት

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ገዳማትና ስለ ጥንታውያን አድባራት የተጻፉ የጉዞ ታሪኮችን ስታነቡ መቆየታችሁ የታወቀ ነው። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ግን ከእነዚያ የተለየ ነው። ይኸውም በሰሜን አሜሪካ፥ በሞንታና ግዛት፥ ብላክፊት ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብ መካከል አንድ ዓመት በመምህርነት ተቀምጠን ያየነውንና የሰማነውን፥ በተለይም ከአንዲት አረጋዊት እናት የተቀበልነውን ተግሣጽ የሚናገር ነው። ተግሣጹን ሳናስቀር የምንጽፈው፥ ለእኛ ብቻ የተሰጠ ስላልመሰለን ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ2022 በኦገስት ወር፥ የውጭ አገር መምህራንን ለተወሰነ ጊዜ በሚቀበል የልውውጥ ሥራ የሒሳብ መምህር ሆነን ተመደብንና፥ ከቺካጎ ከተማ ኤምፓየር ቢልደር በሚባለው ባቡር ተሳፈርን። ባቡሩ ሌሊቱን ሲሄድ አድሮ፥ በማግሥቱ ዛፍ የማይታይበትን የሣርና የስንዴ ሜዳ ሲያቋርጥ ዋለ። ከአጠገባችን የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወዴት እንደምንሄድ ጠይቆን በነገርነው ጊዜ፥ «እዚያ ነፋስና ድህነት እንጂ ምን አለ?» አለን። እኛም ምን እንደምንመልስ አላወቅንም። ወደ ማታ ሲሆን ግን ሜዳው በድንገት አለቀ፤ በምዕራብ በኩል፥ በበጋ እንኳ በስንጥቃቸው ውስጥ በረዶ የተኛባቸው ተራሮች እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለው ቆሙ። የአገሩ ሰዎች እነዚህን ተራሮች «የዓለም የጀርባ አጥንት» ብለው እንደሚጠሯቸው ኋላ ተረዳን።

ኢስት ግላሲየር ከሚባለው ጣቢያ ወርደን፥ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ከሄድን በኋላ ብራውኒንግ ደረስን። ብራውኒንግ ሁለት አውራ ጎዳናዎች በሚገናኙበት ሜዳ ላይ የተሠራች ትንሽ ከተማ ናት፤ ለብላክፊት ሕዝብ ግን የመንግሥታቸው መቀመጫ ናት። ለእነርሱ የተከለለው መሬት 1 ሚሊዮን ተኩል ኤከር፥ ማለትም 6,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በሰሜን ከካናዳ ድንበር፥ በምዕራብ ከግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በመዝገባቸው የተጻፉት የሕዝቡ አባላት ከ17,000 በላይ ናቸው። ቀድሞ በመጻሕፍታችን «ቀይ ሕንዶች» እየተባሉ ሲጠሩ ከምናነባቸው ብዙ ሕዝቦች አንዱ እነርሱ ናቸው። ብላክፊት ማለት በእንግሊዝኛ «ጥቁር እግሮች» ማለት ነው፤ ስሙም የወጣላቸው ከጫማቸው ጥቁር መርገጫ የተነሣ ነው ይባላል። ራሳቸውን ግን ኒጺታፒ፥ ማለትም እውነተኛ ሰዎች፥ ብለው ይጠራሉ። በካናዳ በኩል ያሉት ካይናይ፥ ሲክሲካና ሰሜን ፒካኒ የሚባሉት ሦስት ወገኖች ወንድሞቻቸው ሲሆኑ፥ በመካከላቸው የተሰመረውን ድንበር ያሰመሩት ሌሎች ናቸው።

ያ ሽማግሌ ገበሬ ስለ ነፋሱ የነገረን እውነት ነበረ። ነፋሱ ከተራሮቹ ላይ ወርዶ ሜዳውን ሲጠርግ፥ የመኪና በር በሁለት እጅ ካልተያዘ ይነቀላል። ስለ ብርዱም ቢሆን በዚያች ከተማ የተመዘገበ አንድ ነገር አለ፤ በ1916 በጃንዋሪ 23 እና 24 መካከል፥ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ፥ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ተነሥቶ ከዜሮ በታች 49 ዲግሪ ደርሷል። ይህን ለተማሪዎቻችን የመቀነስ ሒሳብ አድርገን ብናቀርብላቸው፥ አንድ ልጅ «መምህር፥ ይህ ሒሳብ አይደለም፤ እዚህ የተለመደ ነገር ነው» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀብን።

የምናድርበትን ክፍል ያከራዩን ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንዲት እናት ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ አያቴ እያለ ይጠራቸው ስለ ነበር፥ እኛም እንዳገራችን ልማድ እማማ አልናቸው፤ ትርጓሜውን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ወደዱት። ከሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው ልጅ ጋር ነበር የሚኖሩት። ጧት ጧት ቡናቸውን ይዘው ወደ ምዕራብ በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ይቀመጣሉ፤ የሕዝባቸውንም ታሪክ የተማርነው ከመጻሕፍት አስቀድሞ ከዚያ መስኮት ነው።

በእጃቸው እያመለከቱ እንዲህ ይነግሩን ነበር። ይህ ሜዳ ሁሉ ቀድሞ የጎሽ መንጋ መሰማሪያ ነበር። ምግቡ ከጎሽ ሥጋ፥ ድንኳኑ ከጎሽ ቆዳ፥ መሣሪያው ከጎሽ አጥንት ይሠራ ስለ ነበር፥ የሕዝቡ ኑሮ በሙሉ በዚያ እንስሳ ላይ የቆመ ነበር። በ1855 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የመጀመሪያውን ውል ተዋዋሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን መሬታቸው በየጊዜው እየተቆረሰ ሄደ። በ1870 በጃንዋሪ 23 ቀን፥ ሻለቃ ዩጂን ቤከር የሚባል የጦር መኮንን የሌላ አለቃ ሰፈር ፍለጋ መጥቶ፥ በማርያስ ወንዝ ዳር በነበረው በሄቪ ረነር ሰፈር ላይ ተኩስ አስከፈተ። አለቃው ሰላማዊ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ይዞ ወደ ወታደሮቹ ቢወጣ ተመትቶ ወደቀ። ሰፈሩ በፈንጣጣ ተይዞ ነበረና፥ ከሞቱት ከ170 የሚበልጡ ሰዎች አብዛኞቹ ሴቶች፥ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። ስለዚህም ነገር የተቀጣ ሰው የለም።

ጎሹም ቢሆን በነጮች አዳኞች እጅ ፈጽሞ አለቀ። ጎሽ ያለቀበት ሕዝብ የመንግሥትን ስንቅ ጠባቂ ሆነ፤ ስንቁም በበቂ ሳይደርስ ቀርቶ፥ ከ1883 እስከ 1884 ባለው ክረምት 600 ያህል ሰዎች በረሃብ ሞቱ። የተቀበሩበትን ኮረብታ ሕዝቡ የመናፍስት ኮረብታ ይለዋል። ከዚያ መከራ በኋላ በ1895 ተራራማውን ምድራቸውን በ1 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ለመንግሥት ለቀቁ፤ በ1910 ያ መሬት የግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ሆነ። እማማ ወደ ተራራዎቹ እያመለከቱ፥ «የጀርባ አጥንታችንን ሸጥን፤ የገዛን ሰው ግን ተርበን እንደ ነበር ያውቅ ነበር» ይሉ ነበር።

በተማሪ ቤት ስለ ነበረን ሥራ ጥቂት እንናገር። ተማሪዎቻችን በመጀመሪያዎቹ ወራት ዝምተኞች ነበሩ፤ ስንጠይቃቸውም አንገታቸውን ይደፋሉ። ይህን ያዩ አንዳንድ ከሌላ ቦታ የመጡ ባልደረቦቻችን ልጆቹ ስንፍና አለባቸው ብለው ይፈርዱ ነበር። እኛ ግን ሕፃን በታላቅ ሰው ዓይን ውስጥ አፍጥጦ እንዳያይ በሚያስተምር አገር ስላደግን፥ ነገሩ አክብሮት መሆኑን ለመረዳት አልዘገየንም። በዚህም ምክንያት ከሌሎቹ መምህራን ይልቅ እኛ ይህን ሕዝብ እናውቃለን የሚል ትዕቢት አደረብን። ትዕቢቱም እንደ ምን እንደ ወደቀ ወደ ኋላ እንገልጻለን።

ሒሳብ ምን ይጠቅማል ብለው ለጠየቁን ተማሪዎች መልስ ያገኘንላቸው ከራሳቸው ወገን ነው። ኤሎይዝ ኮቤል የተባሉት የብላክፊት ተወላጅ የሕዝቡ ገንዘብ ያዥ ሆነው ሲሠሩ፥ መንግሥት የነባር ሕዝቦችን መሬት በአደራ አከራይቶ የሰበሰበውን ገንዘብ ሒሳብ በትክክል እንዳልያዘ ደረሱበት። በ1996 መንግሥትን በፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት ክርክር በኋላ በ2009 መንግሥት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሴትዮዋ በ2011 ካረፉ በኋላ፥ በ2016 የአገሪቱ ታላቅ የሲቪል ኒሻን ተሰጣቸው። ይህን ቁጥር በሰሌዳው ላይ ከነዜሮዎቹ በጻፍነው ጊዜ፥ ዝም ይሉ የነበሩት ልጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ፤ ግማሾቹ ሴትዮዋን በዓይናቸው ያዩ ዘመዶች ነበሯቸው።

አሁን ወደ ተግሣጹ እንመለስ። በዲሴምበር ወር አንድ ማታ፥ ነፋሱ ቤቱን እያንቀጠቀጠ፥ ሾርባ ቀርቦልን ከእማማ ጋር ራት እንበላ ነበር። በጨዋታ መካከል፥ በእናንተ አገር ልጆች እንግሊዝኛን እንዴት ይማሩታል ብለው ጠየቁን። እኛም ወጣት መምህር ሳለን እናስተምርበት በነበረ አንድ ተማሪ ቤት የነበረውን ሥርዓት እየሳቅን ነገርናቸው። ይኸውም በግቢው ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ልጅ ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ሰሌዳ በአንገቱ ታጠልቅበታለች፤ እርሱም ሌላ ልጅ ሲናገር እስኪይዝ ድረስ ይዟት ይዞራል፤ የትምህርት ሰዓት ሲያልቅ ሰሌዳዋ በአንገቱ የተገኘው ይቀጣል። ሰሌዳዋን የምናጠልቀውም እኛ እንደ ነበርን፥ በዚህም ዘዴ ልጆቹ ቋንቋውን ቶሎ እንደ ለመዱት አከልንላቸው።

እማማ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነበር?» አሉን። ሰባትና ስምንት ዓመት እንደ ነበሩ ነገርናቸው። ከዚህ በኋላ አንድም ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው፥ ሳሕናቸውን አጥበው ወደ መኝታቸው ገቡ።

ሁለት ቀን እንዲሁ በዝምታ አለፈ። ምን እንዳጠፋን በግልጥ ባንረዳም፥ ማጥፋታችንን ግን አውቀን ነበርና፥ እንጀራ በሚበላበት ቤት ውስጥ ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ ተማርን። በሦስተኛው ማታ ጠሩንና አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ በጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በፎቶግራፉ ላይ ጠጉራቸው ከጆሮአቸው በላይ የተቆረጠ፥ አንድ ዓይነት ቀሚስ የለበሱ ሕፃናት ልጃገረዶች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። «ከእነዚህ መካከል የትኛዋ እንደ ሆንሁ ፈልግ» አሉን። ብዙ አይተን ልንለያቸው አልቻልንም። «እኔም ብዙ ጊዜ አጣታለሁ» አሉ።

ቀጥለውም የነገሩን ይህ ነው። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ወደ አዳሪ ተማሪ ቤት ተወሰዱ፤ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም ነበር። ሌሊት ብርድ ሲሆን ከእኅታቸው ጋር በቋንቋቸው ሲያንሾካሹኩ ተሰሙና፥ ጧት በልጆቹ ሁሉ ፊት አፋቸው በሳሙና ታጠበ፤ በሲሚንቶ ላይም ተንበርክከው እንዲቆዩ ተደረገ። በሁለተኛው ጊዜ ተመቱ። በሦስተኛው ጊዜ ሦስተኛ ጊዜ እንዳይኖር ዝም አሉ። «ኋላ እኔም ወለድሁ» አሉን። «ልጆቼ እንዳይመቱብኝ ብዬ ቋንቋዬን ሸሸግኋቸው። በቤቴ ውስጥ ከባሌ ጋር እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። የመታኝ ሰው ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እኔ ግን ሥራውን ስሠራለት ኖርሁ።»

የእኝህ እናት ታሪክ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጆቻቸው ለይቶ በአዳሪ ተማሪ ቤቶች ያሳድግ ነበር፤ ዓላማውም ቋንቋቸውንና ልማዳቸውን አስጥሎ እንደ ነጮች ማድረግ ነበር። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በሚሲዮናውያን እጅ የነበሩ ናቸውና፥ የክርስቶስን ስም የያዙ ሰዎች በዚህ ሥራ እንደ ነበሩበት መሸሸግ አይገባም። በ1883 በወጣ ደንብም የአባቶቻቸው ሥርዓተ አምልኮና ጭፈራ ተከልክሎ ነበር፤ ነጻነታቸው በሕግ የታወቀላቸው በ1978 ነው።

እማማ ታሪካቸውን ከጨረሱ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «ያችን ሰሌዳ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ያጠለቀው ልጅ ማን ነበር?» አሉ። ልጁ ወዲያው ታየን። ከገጠር መጥቶ ከአክስቱ ጋር ይኖር የነበረ፥ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ልጅ ነበረ። በመጀመሪያው ወር ሰሌዳዋ ከአንገቱ አልወረደችም፤ በሁለተኛው ወር ግን በማንኛውም ቋንቋ መናገር ተወ። እኛም ተሻሻለ ብለን ጻፍንለት። ዓመቱ ሳያልቅ ከተማሪ ቤቱ ወጣ። ይህን ሁሉ ነገርናቸው። «ስሙ ማን ነበር?» አሉን። አሰብን፥ አሰብን፤ ልናስታውሰው አልቻልንም። «እንግዲያስ ከዚያ ጀምር» ብለው ፎቶግራፋቸውን አነሡ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። በቆሎ ተማሪነታችን ዘመን የኔታ አርጩሜ ነበራቸው፤ እኛም ቀምሰነዋል። ነገር ግን የኔታ ግእዙን ካነበቡ በኋላ ምሥጢሩን የሚተረጕሙልን በምንናገርበት ቋንቋ ነበር እንጂ፥ እናታችን ባስተማረችን ቃል እንድናፍር አላደረጉንም። እንግዲህ ያችን ሰሌዳ ከማን ተማርናት? እኛ የፈጠርናት አልነበረችም፤ ተቀብለን ነው ያቆየናት። በዚህ ምክንያት ግን ከበደሉ ነጻ ልንሆን አንችልም፤ እማማም የመታቸውን ሰው ሥራ ተቀብለው እንዳቆዩት ሲናገሩ ራሳቸውን ነጻ አላደረጉምና።

ከገና በኋላ እማማ የልጅ ልጃቸው ልጅ ወደሚማርበት ተማሪ ቤት ይዘውን ሄዱ። ይህን ቤት የመሠረተው በ1987 ዳሬል ካይፕና ዶሮቲ ስቲል ስሞኪንግ ከጓደኞቻቸው ጋር ያቋቋሙት የፒጋን ተቋም ነው። ካይፕ በሃርቫርድ የተማሩ ሰው ሲሆኑ፥ ወደ አገራቸው ተመልሰው የአያቶቻቸውን ቋንቋ እንደ ተማሪ ከመጀመሪያው ጀመሩት። በ1995 ሕፃናት ትምህርታቸውን ሁሉ በብላክፉት ቋንቋ የሚማሩበትን ቤት ከፈቱ። ቋንቋቸውን ማዳን የሚፈልጉ ሌሎች ሕዝቦች ምክር ሲጠይቋቸው፥ ከማንም ፈቃድ ሳትጠብቁ ጀምሩ ይሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ2013 ቢያርፉም ሥራቸው አልቆመም።

በክፍሉ ውስጥ ስንቀመጥ አንዲት ሕፃን «ኦኪ» ብላ ሰላምታ ሰጠችን። እኛም እንደ ቋንቋ መምህር ልማዳችን የቋንቋውን ጠባይ ጠየቅን። አንድ ግሥ ብቻውን አድራጊውንም ተደራጊውንም ይዞ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሊሆን እንደሚችል ሲያስረዱን፥ ግእዝ ለተማረ ሰው እንግዳ ነገር አልሆነብንም። ስሞቻቸውን ግን እንደ እኛ ወንድና ሴት ብለው ሳይሆን ሕያውና ሕይወት የሌለው ብለው ይከፍላሉ፤ ፀሐይ፥ ጨረቃና ከዋክብትም ከሕያዋኑ ጋር ይቈጠራሉ።

የሚገርመው ግን ይህ ነው። ዛሬ ስለዚህ ቋንቋ ለመመራመር የሚፈልግ ሰው ከሚያገኛቸው መጻሕፍት አንዳንዶቹ የአንድ እንግዳ ሰው ሥራ ናቸው። ኡሌንቤክ የሚባሉ የኔዘርላንድ የቋንቋ ሊቅ በ1910 በጋ ከአንድ ተማሪያቸው ጋር፥ በ1911 ደግሞ ከባለቤታቸው ጋር ወደዚህ አገር መጥተው፥ ጆሴፍ ታትሲ ከሚባል የአገሩ ሰው እግር ሥር ተቀምጠው ተማሩ። የሰሙትንም ተረትና ታሪክ በብላክፉት ቋንቋ ጻፉ፤ በ1930 እና በ1934 መዝገበ ቃላት፥ በ1938 ሰዋስው አሳተሙ። በዚያው ዘመን የመንግሥትና የሚሲዮን መምህራን ያንኑ ቋንቋ ከሕፃናት አፍ ያስወጡ ነበር። እንግዶች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ለማስተማር ብቻ የመጣ አለ፥ ለመማርም የመጣ አለ። እኛ ከየትኞቹ ወገን እንደ ነበርን አንባቢ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ብዙ ነገር በተለየ ዓይን ማየት ጀመርን። ሰው ሲሞት ወዳጅ ዘመድ ለቀናት ከአስከሬኑ ሳይለይ፥ ሌሊቱንም እየጸለየና እየተጨዋወተ፥ ለመጣው ሁሉ ምግብ እየቀረበ ያድራል፤ ከአንድ ተማሪያችን አያት ለቅሶ በደረስን ጊዜ በአገራችን ያለን መሰለን። በግብዣቸው ላይ ከዱር ፍሬ የሚሠራ ጥቁር ሐምራዊ ሾርባ ይቀርባል። ከመብላታቸው በፊት እያንዳንዱ ሰው አንዲት ፍሬ ከሳሕኑ አንሥቶ ከጸለየ በኋላ በመሬት ውስጥ ይቀብራታል፤ ምድር ለሰጠችው የሚመልስላት ነው። የተሰጠውን ምግብ ሳይባርክ የማይበላ ሕዝብ አረመኔ እየተባለ በመጻሕፍት መጻፉ አሳዘነን። በጸደይ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ በጥቅል ተጠብቆ የኖረውን ቅዱስ ፒፓ የሚፈቱበት ሥርዓት አላቸው። ወደዚያ አልገባንም፥ ስለ ሥርዓቱም አንጽፍም፤ በቤተ መቅደስ ያገለገለ ሰው ሁሉም ነገር ለሁሉ ዓይን እንዳልሆነ ሊያውቅ ይገባዋልና።

በሜይ ወር እማማና ሕፃኑ ከከተማ ውጭ ወዳለው የጎሽ መሰማሪያ ወሰዱን። በ1870ዎቹ ዓመታት ከብላክፊት አገር የተያዙ ጥቂት ጥጆች ተራብተው፥ ከ1907 ጀምሮ ዘራቸው ለካናዳ መንግሥት ተሸጦ ነበር። በ2016 በኤፕሪል ወር ከኤልክ አይላንድ ብሔራዊ ፓርክ 87 ጥጆች ወደ አባቶቻቸው መሬት ተመለሱ። የጠፋ የመሰለው ነገር በሩቅ ቦታ በሰው እጅ ተጠብቆ ኖሮ ነበር። ሕፃኑ አጥሩን ይዞ «ኢኒ» ብሎ ጮኸ፤ ጎሽ ማለቱ ነው። እማማም አንድ ረጅም ቃል መለሱለት፤ ልጁ ሳቀ፥ እርሳቸውም ሳቁ። ምን እንዳሉት ብንጠይቃቸው፥ «ሰባ ዓመት ሙሉ አንደበቴ ላይ ያልመጣ ቃል ነው፤ እናቴ እንዲህ ትለኝ ነበር» አሉን። ትርጓሜውን ግን አልነገሩንም፥ እኛም አልደገምንም።

በጁላይ ወር፥ ከካናዳ ጭምር ወገኖቻቸው የሚሰበሰቡበት የከበሮና የጭፈራ በዓላቸው በብራውኒንግ ሜዳ ከተከበረ በኋላ፥ የተወሰነልን ጊዜ አልቆ ተሰናበትን። እማማ በጣቢያው ላይ አልጋ ልብስ አለበሱን፤ ማክበራቸውን የሚገልጡበት ልማድ ነው። ባቡሩ ሲነሣ ያ ሽማግሌ ገበሬ ትዝ አለን። ዛሬ ቢጠይቀን የምንመልስለት ነበረን።

ወደ አገራችን ከተመለስን ከአንድ ዓመት በኋላ፥ በ2024 በኦክቶበር 25 ቀን፥ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆ ባይደን ስለ አዳሪ ተማሪ ቤቶቹ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ዜናውን በሰማን ጊዜ ለእማማ ስልክ ደወልን። «ሰማሁ» አሉና ጥቂት ዝም አሉ። እኛም ደስ ይላቸው እንደ ሆነ ለመስማት ስንጠብቅ፥ «አንተስ የልጁን ስም አገኘህ?» አሉን።

በማግሥቱ ቀድሞ እናስተምርበት ወደ ነበረው ተማሪ ቤት ሄደን የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ ለመንን። ሁለት ቀን አቧራ ስናራግፍ ውለን የዚያን ዓመት መዝገብ አገኘነው። ስሙ በአሥራ አራተኛው መስመር ላይ በራሳችን የእጅ ጽሕፈት ተጽፏል፤ ከጎኑም «ዝምተኛ፥ ጥሩ ጠባይ ያለው» የሚል አለ። አክስቱ ይኖሩበት የነበረው ሰፈር ፈርሶ ሌላ ሕንፃ ተሠርቶበታል፤ ልጁንም፥ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗልና ሰውዬውን እንበል፥ እስካሁን አላገኘነውም። ፍለጋውን ግን አልተውንም። ስሙን በዚህ አንጽፍም፤ ያለ ፈቃዱ በሰው ፊት አንድ ጊዜ አቁመነዋል፥ ያ ይበቃል። ምናልባት ይህን ጽሑፍ ካነበበ ራሱን ያውቃል፤ እኛም ይቅርታ እንደምንለምነው ይወቅልን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ በየቤታችሁ በራት ገበታ ዙሪያ አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚቀመጡ ከሆነ፥ በዚያ ገበታ ላይ የሚነገረው ቋንቋ ምን እንደ ሆነና ከማን ፍርሃት የተነሣ ምን እንደሚሸሸግ አስተውሉ። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፥ ትግርኛም ይሁን ጉራጌኛ፥ ልጅ በእናቱ አፍ የተቀበለው ቃል አያሳፍረውም። ልጆቻችሁ የሩቁን ቋንቋ ይማሩ፤ እኛም ስናስተምረው እንኖራለን። ለአያቶቻቸው የሚመልሱበትን ቃል ግን አንሣባቸው። ኤልክ አይላንድ የጠበቃቸው ጎሾች ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሰዋል፤ በእማማ አንደበት የነበረችው ቃል ግን ሰባ ዓመት ሙሉ የጠበቃት ሰው አልነበረም፤ የተመለሰችውም አንድ ሕፃን ስለ ጠራት ነው።